ከቤት ውስጥ የመረጃ ማከማቻ ላይ ሃርድ ዲስክ ሲነቀል ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

የቤተሰብ ፎቶዎችና ሰነዶች የሚቀመጡባቸው፣ ከቤት ኔትወርክ ጋር የሚገናኙትና 'ናስ' የሚባሉት ማከማቻዎች ብዙውን ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስኮች አሏቸው።

'ሬይድ 1' በተሰኘው አሠራር ተመሳሳይ መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ ይጻፋል። ቢያንስ ሦስት ዲስኮች የሚያስፈልጉት 'ሬይድ 5' ደግሞ የአንዱን ብልሽት ብቻ ይቋቋማል። ስለዚህ አንዱ ተበላሽቶ ሳለ ጤነኛው በስህተት ቢነቀል መረጃው በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

በቅድሚያ አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ቀጥሎም በመሣሪያው መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ የተበላሸው ዲስክ የገባበትን ቦታና ሲሪያል ቁጥሩን መመዝገብ ያስፈልጋል። መሣሪያው ሥራ ላይ እያለ ዲስክ መቀየር የማይፈቅድ ከሆነ በሥርዓቱ ተዘግቶ ከኤሌክትሪክ መለያየት አለበት። ዲስኩ ሲወጣ ቁጥሩ ከተመዘገበው ጋር ይመሳከራል።

ተተኪው ዲስክ መጠኑ ከቀድሞው ማነስ የለበትም። መረጃው ዳግም እስኪጻፍበት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያው ሌሎቹን ዲስኮች መንካት አደገኛ ነው።

ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይጠፋልና።