ምዕራፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው

«ጋሼ፣ ይሄ ምዕራፍ ስንት ዓረፍተ ነገር ያለው ይመስልዎታል?»

ልጁ ይህን የጠየቀኝ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ተቀምጠናል። ሰኔ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ደርሷል፤ ማተሚያው ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። እኔ የተማሪዎችን ጽሑፍ አርማለሁ። እሱ ሶፍትዌር ይማራል። ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመረውን ወረቀት እያየ «ግማሹን ለምን ማሽን አይሠራልዎትም?» ሲለኝ ከርሞ፣ በመጨረሻ ራሱ አንድ ትንሽ የአጻጻፍ መፈተሻ ፕሮግራም ጽፎ መጣ። ለሙከራ የሰጠሁት ከሻሸመኔ የመጣች ተማሪ በአማርኛ የጻፈችውን የማስተርስ ጽሑፍ ነው፤ እሷም ፈቅዳልናለች።

ምዕራፉን አንብቤዋለሁ፤ ሃያ አምስት ገጽ ግድም ነው። «ሦስት መቶ ቢሆን ነው» አልኩት።

«አንድ ነው የሚለው።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ፕሮግራሙ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጥሮ፣ ከሥሩ በቀይ «በጣም ረጅም ነው፤ ያሳጥሩት» ብሏል።

ልጁ በግዴለሽነት አልሠራውም። ሕጎቹን የወሰደው ለእንግሊዝኛ ከተሠሩት መፈተሻዎች ነው፤ እነዚያም ረጅም የትውልድ ሐረግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ፣ አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብስ፣ ሎሪንዳ ቼሪ የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ «ስታይል» እና «ዲክሽን» በተባሉ ፕሮግራሞች ላይ ይሠሩ ነበር። አንዱ የዓረፍተ ነገርን ርዝመትና ዓይነት ይቆጥራል፤ ሌላው የተንዛዛ አባባልን እየለቀመ ያወጣል። እነዚህና መሰሎቻቸው ተሰባስበው «ራይተርስ ወርክቤንች» ተባሉ። ከመካከላቸው በስህተት ሁለት ጊዜ የተጻፈን ቃል የሚይዝም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ዳንኤል ናበር በጀርመን ቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሰዋስውና የአጻጻፍ መፈተሻ ሠሩ፤ ያ ሥራ ዛሬ ላንጉጅቱል በሚል ስም ብዙ ቋንቋዎችን ያገለግላል። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ከቤል ላብስ ጀምሮ ብዙም አልተለወጡም። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል? ቃል ተደግሟል? ግሱ ተገብሮ ነው?

ልጁ እነዚህን ሦስቱን ወደ አማርኛ አሻገረ። የመጀመሪያው በር ላይ ወደቀ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀብን። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ጠረጠርን፤ በእጃችን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፈን ሰጠነው፤ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ከዚያ ልጁ እያንዳንዱ ምልክት በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የያዘውን ቁጥር እንዲያሳየን አደረገ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሁለት ነጥብ 1361፣ አራት ነጥብ ደግሞ 1362 የሚል መለያ ተሰጥቷቸዋል። እኛ 1362ን እንጠብቃለን። የወጣው 1361፣ 1361 ነው። ወረድ ስንል፣ እንደገና 1361፣ 1361።

ተማሪዋ አራት ነጥብ አልጻፈችም። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ነበር የመታችው። ለዓይን ፡፡ እና ። አንድ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሲታተሙ እኔም አልለያቸውም። ማሽኑ ግን ሁለት ነጥብ በጥንቱ ወግ ቃልን ከቃል የሚለይ ምልክት መሆኑን ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ያለቀበት ቦታ ሁሉ ለእሱ ሁለት ጊዜ የተጻፈ የቃል መለያ ብቻ ሆኖ ይታየዋል።

በማግስቱ ከቀድሞ ደንበኞቼ የቀሩልኝን ፋይሎች ከፈትኩ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ፡፡ ነው። ሌላው ምዕራፍ አንድ ላይ ። ብሎ ምዕራፍ ሁለት ላይ ይለውጣል፤ ሁለት ሰው ስለተየበው ይሆናል። የፈረንጅ ኮሎን ሁለት ጊዜ የመቱም አሉ። በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ዘመን እጃቸውን ያሰለጠኑ ታይፒስቶች የለመዱትን ይዘው ወደ ዩኒኮድ ተሻግረዋል፤ ተማሪውም ከእነሱ ወረሰ። ያ ሁሉ ገጽ ለዓመታት በእጄ ሲያልፍ አንድ ቀን አላየሁትም። ይህ ያንገበገበኝ ለራሴ ብቻ አይደለም። በማሽን እንዲፈለግ፣ እንዲተረጎም፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የምንፈልገው የአማርኛ ጽሑፍ ሁሉ ይህን የማይታይ እንከን ይዞ ነው የሚሄደው።

ነጥቡን አስተካከልን፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ተለዩ። ወዲያው ሁለተኛው ሕግ ገጹን በቀይ አጥለቀለቀው።

እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ ቃል ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ከመጣ ብዙውን ጊዜ የእጅ ስህተት ነው። የእኛ ፕሮግራም «ልዩ ልዩ»ን ያዘ። «አልፎ አልፎ»ን ያዘ። «መላሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠየቁ» ከሚለው አንዱን «ሁለት» ሰርዙ አለ፤ ቢሰረዝ የጥናቱ ዘዴ ይለወጣል። ጽሑፏን ልትወስድ የመጣችው ተማሪ ስክሪኑን አይታ «በኦሮምኛማ ይብሳል» አለች። «ቶኮ» አንድ ነው፤ «ቶኮ ቶኮ» ሲባል አንዳንድ ይሆናል፤ «አዳ አዳ» የተለያየ ማለት ነው። በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ አናባቢው ሲረዝም፣ ተነባቢው ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል። በአንድ «ዲ» ቢጻፍ መጥፎ፣ በሁለት ቢጻፍ ደጋ የሚሆን ቃል አለ። በአዳማ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ የሚጻፍን ጽሑፍ የሚፈትሽ መሣሪያ መደጋገምን እንደ ጥፋት ይዞ ከተነሳ፣ የሁለቱንም ቋንቋ ሰዋስው ሊያጠፋ ተነስቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው የተገብሮ ሕግ ነበር። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚያስፈልገን ይሄኛው ነው፤ «መረጃው ተሰበሰበ» የሚል ጽሑፍ መረጃውን ማን እንደሰበሰበው አይነግረንም። ልጁ በ«ተ» የሚጀምርን ቃል ሁሉ እንዲይዝ አዘዘው። «ተማሪ»፣ «ተራራ» እና «ተስፋ» ተያዙ። ስሞቹን አስወጣን። «ተቀመጠ»፣ «ተናገረ»፣ «ተቀበለ» ቀሩ፤ ሦስቱም በ«ተ» ይጀምራሉ፣ አንዳቸውም ግን ተገብሮ አይደሉም። በዚያ ላይ እውነተኛው ተገብሮ አመለጠ። «ይወሰናል»፣ «ይጻፋል» ስንል «ተ»ዋ በቀጣዩ ፊደል ውስጥ ሰጥማ ፊደሉን ታጠብቃለች፤ ጽሕፈታችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አልተጻፈላቸውም» በአንድ ቃል ውስጥ አሉታን፣ ተገብሮን፣ ድርጊቱንና የቀረባቸውን ሰዎች ይዟል። ፊደል በመፈለግ እዚህ መድረስ አይቻልም፤ ቃሉን እስከ ሥሩ መበለት ያስፈልጋል።

መንገዱን የጀመሩት አሉ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡት «ሆርንሞርፎ» የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ምዕላዶቻቸው ይበልታል። በዚያው ዓመት ደበላ ተስፋዬ በሕግ የሚሠራ የአፋን ኦሮሞ ሰዋስው መፈተሻ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 አይናዲስ ተመስገን ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ የቃላትን ምዕላዳዊ ጠባይና የቃላትን የመከታተል ዕድል መሠረት ያደረገ የአማርኛ ሰዋስው መፈተሻ በጃፓን ናራ በተካሄደ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። ልጁ እነዚህን ሲያነብ ሰነበተ። ብዙ ተማረባቸው፤ የተገብሮውን ሕግ ግን ለጊዜው አጠፋው። እኔም ተስማማሁ። ከሦስት አንዱን ብቻ በትክክል የሚይዝ አራሚ ካለ ተማሪው አራተኛውን ማስጠንቀቂያ አያነብም።

አንድ ማለዳ ልጁ ሲሮጥ መጣ። ያገኘው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከዘረዘርናቸው ሁሉ የቀደመ ነበር። ሎሪንዳ ቼሪ ከስታይልና ከዲክሽን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከሮበርት ሞሪስ ጋር የትየባ ስህተት የሚፈልግ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። የፕሮግራሙ ዋና ብልሃት ሰነዱን በራሱ መመዘን ነው። በሰነዱ ውስጥ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው የሚከታተሉትን ፊደላት ይቆጥራል፤ ከዚያ ከቀረው ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር እንግዳ የሆነውን ቃል ከላይ አድርጎ ይዘረዝራል። ስህተት ነው ብሎ አይፈርድም፤ «ይህን እዩት» ይላል።

«ጋሼ፣ እኛ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ሕግ ስንመዝን ነው የከረምነው» አለኝ። «በራሱ እንመዝነው።»

ሞክሼ ፊደላቱን ለጊዜው አንድ አደረጋቸው፤ ሀ ሐ ኀ በአንድ፣ ሰና ሠ በአንድ፣ አና ዐ በአንድ፣ ጸና ፀ በአንድ። እንዲህ ሲሆኑ አንድ የሚሆኑትን ቃላት ሰብስቦ፣ ተማሪዋ በየገጹ እንዴት እንደጻፈቻቸው ጎን ለጎን አሳየ። «ፀሐይ» የምትባለዋን ቃል ብቻ እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ አለው፤ ሁለተኛው ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ሊሆን ይችላል፤ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ነው። ተማሪዋ ስለ ፀሐይ ኃይል ነበር የጻፈችው፤ ቃሏ በርዕሱ አንድ ዓይነት፣ በምዕራፍ ሁለት ሌላ፣ በሠንጠረዡ ሌላ ሆና ወጣች። ያን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ። አንዱን አጻጻፍ ይዞ ፋይሉን የሚፈልግ ሰው የቀሩትን አያገኛቸውም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ መራን። የዓመተ ምሕረት ጉዳይ መጣ፤ «2011» ተብሎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተከተለው ሰባት ስምንት ዓመት የሚያሳስት ቁጥር ነው፤ ፕሮግራሙ አሁን ባዶውን ዓመት ሁሉ እየለቀመ «በየትኛው አቆጣጠር?» ይላል። የከተሞቹ ስም መጣ፤ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱ፣ ናዝሬትና አዳማ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እየተፈራረቁ ነበር። ልጁ ሁሉንም ወደ ዛሬው ስም የሚቀይር ሕግ ሊጽፍ ሲል ያዝኩት። የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀመር ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ይባል ነበር፤ ያን ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ «አዳማ ቴክኒክ ኮሌጅ» ካለ ያልነበረ ተቋም ፈጠረ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስሞቹን ከነገጻቸው ያሳያል፤ የትኛው በየት እንደሚገባ የምትወስነው ግን ጸሐፊዋ ናት።

እዚህ ላይ ያለኝ አቋም የጸና ነው። የአካዳሚ ጽሑፍ መፈተሻ ለአማርኛና ለኦሮምኛ ሲሠራ መጀመሪያ መጠየቅ ይልመድ፤ ማረም የሚገባው ቃሉን መበለት ከቻለ በኋላ ነው። ተማሪዋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ዝርዝሩን ጨርሳ፣ «ፀሐይ»ን በአንድ አጻጻፍ አድርጋ፣ ለአማካሪዋ ላከችው። ያጠፋነው የተገብሮ ሕግ አሁንም እንደጠፋ ነው፤ ልጁ በሆርንሞርፎ ሊያስነሳው እየሞከረ ነው።

አንባቢዬ፣ በእጅዎ ያለ የአማርኛ ፋይል ካለ ዛሬ ይክፈቱት። በመፈለጊያው ላይ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይምቱ። ከተገኘ ሁሉንም በአንዲት አራት ነጥብ ይተኩት፤ የሚታረምም፣ የሚፈለግም፣ የሚነበብም ጽሑፍ ከዚያ ይጀምራል።