ሰው ስለ ምን ይኳኳላል?

ስለ መኳኳል ልጽፍ ነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ወንዶቹ ሣቁ፤ ሴቶቹም «ስማችንን እንዳታነሺ» አሉኝ። ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም ቅሉ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ደንብ ውስጥ የገባ፣ በየቤቱም እናትንና ልጅን የሚያከራክር፣ በገበያም ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ የሚገባ መሰለኝ። ብዙ ሰው «ለመዋብ ነዋ!» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። እኔ ግን መጻሕፍትን ባገላበጥሁና የአገራችንን ልማድ ባስተዋልሁ ቍጥር ይህ መልስ የጥያቄውን ግማሽ እንኳ የማይመልስ ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ መኳኳል አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ግብጻውያን ወንዱም ሴቱም ዓይናቸውን ይኳሉ ነበር። ጥቁሩ ኩል ጋሌና ከሚባል የእርሳስ ማዕድን፣ አረንጓዴው ደግሞ ማላካይት ከሚባል የመዳብ ማዕድን ይፈጭ ነበር። በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ ኬሚስቶች በሉቭር ቤተ መዘክር ከተቀመጡት የግብጽ ዕቃዎች የኩል ቅሪት ወስደው ከመረመሩ በኋላ፣ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ጨዎች እጅግ ጥቂት በሆኑ ጊዜ የሰውነትን መከላከያ ኀይል ሊያነሣሡ እንደሚችሉ ጽፈዋል። እንግዲህ ኩል ያን ጊዜ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዓይን መድኃኒት ተብሎም የሚደረግ ነገር ነበረ ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ኩል ሁለት ዐይነት ነገር ይነግረናል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ንግሥት ኤልዛቤል ኢዩ ሊገድላት ሲመጣ ዓይኗን ተኵላ፣ ራሷንም አስጊጣ በመስኮት ተመለከተች። ብዙ ሰዎች ይህን ጠቅሰው የተኳለችን ሴት ሁሉ በኤልዛቤል ይመስላሉ። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጻድቁ ኢዮብ ከመከራው በኋላ ለወለዳት ለሦስተኛዪቱ ልጁ ያወጣላት ስም በዕብራይስጥ «የኩል ቀንድ»፣ ማለትም የኩል ማስቀመጫ ማለት ነው። ስለዚህ ነቀፋው ለሥራዋ እንጂ ለኩሏ አይመስለኝም። እንዲያውም ኤልዛቤል ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ መኳሏ፣ ወደዳትም ጠላትም ንግሥት ሆና ልትታየው ፈልጋ እንደ ሆነ እገምታለሁ። ፊቷ «እኔ ማን ነኝ» የሚለውን ይናገርላት ነበርና።

ይህ ነገር በአገራችን ልማድ ይበልጥ ይታያል። እንሶስላን እንውሰድ። እንሶስላ በእርጥብ ቦታ የሚበቅል ተክል ሲሆን ሥሩ ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይደረግና በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቈይ ቆዳውን ቀይ ያደርገዋል። እንሶስላ የሞቀችን ሙሽራ እጅ ያየ ሰው ማንም ሳይነግረው በዚያ ቤት ምን እንደ ተደረገ ያውቃል። ያለ ጥሪ ወረቀት የሚነበብ ጽሕፈት ነው። ኩልም እንደዚሁ ነው፤ ሙሽራዪቱ በሠርግ ዘፈን ስትወደስ ኩሏ ሳይነሣ አይቀርም።

ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ አለመኳልም የሚናገር መሆኑ ነው። በልማዳችን ኀዘን የተቀመጠች ሴት ኩሉንም፣ የራስ ቅቤውንም፣ እንሶስላውንም ትተዋለች። ጥቁር ትለብሳለች፤ ጠጕሯንም የምትቈረጥ አለች። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜው ሳይደርስ ተኵላ ብትታይ ሰፈሩ ምን እንደሚል አንባቢዎች ያውቁታል። ኩሉ ዓይኗን ለማስዋብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱን ምን አገባው? የሚያገባው፣ ኩሉ ስለ ኀዘኗ የሚናገረውን ሁሉም ስለሚሰማ ነው። (በዚህ አንጻር ወንዱ ፂሙን ማሳደጉ ብቻ ስለሚበቃ ፍርዱ እኩል አይመስለኝም፤ ግን ይህ ለሌላ ጽሑፍ ይቈይ።)

ስለ ንቅሳትም ጥቂት ልበል። የአባቴ እናት በአንገታቸው ዙሪያና በግንባራቸው ላይ ተነቅሰዋል፤ ድዳቸውም ጥቁር ነው። በልጅነታቸው ያልተነቀሰች ልጅ «ባዶ አንገት» ትባል እንደ ነበር ይናገራሉ። ድድ ሲጠቍር ጥርስ ይበልጥ ነጭ መስሎ ይታያል፤ የዚህም ምክንያቱ ዛሬ በሳይንስ ተጠንቷል። ሪቻርድ ራስል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ የሴት ዓይንና ከንፈር ከዙሪያው ቆዳ ጋር ያለው የጥቁረትና የንጣት ልዩነት ከወንድ ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑን ለክቶ፣ ኩልና የከንፈር ቀለም የሚሠሩት ይህንኑ ልዩነት ማጕላት መሆኑን አስረድቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች ከእርሱ ጋር ሆነው፣ ይህ ልዩነት ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ የተኳለ ፊት ልጅ መስሎ እንደሚታይ ጨምረው ጽፈዋል። አያቴ ይህን ባያነቡም ድዳቸውን ያስነቀሱት ዐውቀው ነው።

ሆኖም ያው ንቅሳት አገር ሲለውጥ ትርጕሙ ይለወጣል። አክስቴ በልጅነቷ በአያቴ ፈቃድ ተነቅሳ አድጋ ወደ አሜሪካ ሄደች። በዚያ በሥራ ቦታዋ ሰው ሁሉ አንገቷን እያየ ስለሚጠይቃት፣ ዛሬ ጧት ጧት ከቆዳዋ ጋር የሚመሳሰል ክሬም ቀብታ ትሸፍነዋለች። እናቷ እንድትታይበት ያስደረጉላትን ጌጥ፣ እንዳትታይበት በሌላ ቅባት ትሸፍናለች ማለት ነው። አገር ቤት ለበዓል ስትመጣ ግን ክሬሙን አትነካውም።

«ይህ ሁሉ የሴት ነገር ነው» ለሚሉ ወንዶች ጓደኞቼም መልስ አለኝ። በኦሞ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩት የካሮ ወንዶች ሰውነታቸውን በነጭ ኖራ መሰል አፈር፣ በቀይና በቢጫ ድንጋይ ዱቄት ያሸበርቃሉ። በኒጀርና በአካባቢው ያሉት የወዳቤ ዘላኖች ደግሞ ጌሬዎል በተባለው በዓላቸው ወንዶቹ ፊታቸውን ተቀብተው፣ ዓይናቸውንና ከንፈራቸውን አጥቁረው ሲሰለፉ ሴቶቹ ዳኛ ሆነው ይመርጣሉ። ጎፈሬውን አበጥሮ ሚዶ የሚሰካውን የአገራችንን ጎበዝም አንርሳ።

አሁን ወደ ውስጠኛው ምክንያት፣ ማለት ወደ ልቡናችን ልመለስ። ቻርልስ ኩሊ የተባለ (ስሙ አያሥቃችሁ) አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ራሱን የሚያውቀው ሌሎች ሰዎችን እንደ መስተዋት አድርጎ ነው ይላል። በመጀመሪያ ለሌላው እንዴት እንደምንታይ እናስባለን፤ ቀጥሎ ያ ሰው ምን ብሎ እንደሚፈርድብን እንገምታለን፤ ከዚያም እንኰራለን ወይም እናፍራለን። ልብ አድርጉ፤ የምናፍረው በገመትነው ፍርድ እንጂ በእርግጥ በተፈረደው አይደለም።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ፈተና አለ። በ1980 ሮበርት ክሌክና አንጀሎ ስትሬንታ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንዳንድ ሰዎች ፊት ላይ በቀለም ጠባሳ ሣሉና በመስተዋት አሳዩአቸው። ከዚያም «ጠባሳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት ልናደርግበት ነው» ብለው፣ ሳያሳውቋቸው ጠባሳውን ጠርገው አጠፉት። ሰዎቹ ጠባሳው አለብን ብለው ከማያውቁት ሰው ጋር ተነጋገሩ። በኋላ ሲጠየቁ ያ ሰው በጠባሳቸው ምክንያት እንደ ተሳቀቀ፣ እንደ አፈጠጠባቸውም ተናገሩ። በፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም! በ2000 ደግሞ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን የአንድ ዘፋኝ ሥዕል ያለበት የሚያሳፍር ከነቴራ አልብሰው ወደ ጓደኞቻቸው አስገቧቸው። ለባሾቹ ከተቀመጡት ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን እንዳዩ ገመቱ፤ በእርግጥ ያስተዋሉት ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ በቀድሞ ትምህርት ቤቴ አብራኝ ትማር የነበረች አንዲት ልጅ ታወሰችኝ። ከከንፈሯ በታች ለምጽ ወጥቶባት ነበርና (ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም) ከቆዳዋ ጋር የሚመሳሰል ቅባት እየተቀባች ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ጧት በሰልፍ ላይ አንድ መምህር «የተቀባሽውን ታጥበሽ ነይ» አሏት። ታጥባ ተመለሰች፤ ሁላችንም አየናት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረች። መምህሩ ደንቡን ፈጸሙ እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅቱም ቅባቱን የምትቀባው እንድትታይ ሳይሆን እንደ ማንኛችንም ሳትታይ እንድታልፍ ነበረ። ደንብ የሚያወጡ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ለይተው ቢያዩ፣ ጥያቄ ካላቸውም ተማሪዋን ለብቻዋ ጠርተው ቢጠይቁ እላለሁ።

በእርግጥ የሰው ፍርድ ሁሉ ግምት ብቻ ነው ማለት አይደለም። በ1972 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ሰዎች የማያውቁትን ሰው ፎቶግራፍ ብቻ አይተው መልከ መልካሙን ደግ፣ ሥራውም የሚቀናው አድርገው እንደሚገምቱት አሳይቷል። ሥራ ፈልጋ ለጥያቄ የምትቀርብ ሴት ከንፈሯን ብትቀባ ከንቱነት ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

ግን አንዱን ነገር ከሌሎቹ ለይቼ እነቅፋለሁ፤ ቆዳን ለማንጣት የሚቀባውን ክሬም። ኩል ለሠርግ ይደረጋል፤ ይታጠባል። የሚያነጣው ክሬም ግን የተፈጠርንበት ቀለም ጥፋት ነው የሚል ፍርድ ተሸክሞ ይመጣል። ከእነዚህም ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ስላለባቸው ኩላሊት ይጐዳሉ፤ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ ባለባቸው መቀባቢያዎች ላይ እገዳ አድርጓል።

ለወላጆች ደግሞ ስለ ኩል አንድ ነገር ላሳስብ። በአንዳንድ አካባቢ የሕፃን ዓይን ይኳላል፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ «ዓይኑ እንዲጐላ»፣ ወይም «የሰው ዓይን እንዳይበላው» ይላሉ። እዚህም የተፈራው የሰው ዓይን መሆኑን ተመልከቱ። ነገር ግን ከጋሌና የተፈጨ ኩል እርሳስ ነው፤ እርሳስም የሕፃንን አንጎል ይጐዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የገበያውን ኩል በዓይን አይቶ እርሳስ አለበት የለበትም ለማለት ደግሞ አይቻልም፤ በቤተ ሙከራ ካልተመረመረ በቀር። ባለፈው ዓመት ታናሽ እኅቴ በተወለደች ጊዜ ይህን ለእናቴ ነገርኋት፤ ኩሉንም ተወችው። አያቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «የዚህች ልጅ ዓይን የጠበበው ስላልተኳለች ነው» ይላሉ።