ሉሑ ከመታጠቡ በፊት፦ ሃርድ ዲስክ ሲያስቸግር ምን እናድርግ?



ፈተና በደረሰ ቁጥር ከየዶርሙ ወደ እኛ ወደ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ላፕቶፔ ስታክ ያደርጋል፤ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው መሰል፤ ምን ላድርግ?» የሚል። በዚህ ዕትም መልሱን በዝርዝር ልንጽፍ ያነሳሳን ግን የራሳችን ስህተት ነው።

አንድ የገንዳ ውሃ ወንድማችን ከእረፍት ሲመለስ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። በውስጡ የመመረቂያ ጽሑፉ ነበር፤ ወደ አኼራ የሄዱት ሸይኹ ያቀሩት የነበረ ደርስም በድምፅ ተቀድቶ ተቀምጦበታል። ጽሑፉን ቀደም ሲል ለአማካሪው በኢሜይል ልኮት ስለነበር ተረፈ። ደርሱን ግን ከግማሽ በላይ ማውጣት አልቻልንም። እኛ «መጀመሪያ ይጠገን» ብለን ሌሊቱን ሙሉ ቼክ ዲስክ ስናሠራበት አደርን። ሲነጋ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃው የሚጻፍበት ክብ ሳህን አለ። በብዙ ላፕቶፖች ይህ ሳህን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበውና የሚጽፈው «ሄድ» ደግሞ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ክፍተት በላዩ ይንሳፈፋል። ላፕቶፑ እየሠራ ከወደቀ ወይም በኃይል ከተናጠ ሄዱ ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል። የተፋቀው ቦታ አይመለስም፤ ፍቅፋቂውም ሌላውን ቦታ ያበላሻል። ስለዚህ የታመመ ዲስክ በሠራ ቁጥር የሚጠፋው ሊጨምር ይችላል። ቼክ ዲስክ ደግሞ የፋይሎቹን መዝገብ ለማስተካከል እንጂ ፋይሎቹን ለማዳን የተሠራ አይደለም። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እንዲመረምር ሲታዘዝ የታመመውን ዲስክ ለሰዓታት ያለ እረፍት ያሠራዋል።

የእኛ ቆላ የራሱ ፈተና አለው። በመተማና በአካባቢው በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ላፕቶፑ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት አየር ራሱ ትኩስ ነው። ለብዙ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች አምራቾች የሚያስቀምጡት የሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው። ማታ ውጭ በተዘረጋ አልጋ ላይ፣ አጎበር ውስጥ ሆነን ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ ስናስቀምጠው የአየር መውጫው ይደፈናል፤ ወደ ጣሪያው መድረስ ቀላል ይሆናል። አቧራው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳን ዲስኩ ውስጥ ገብቶ አይደለም፤ ማራገቢያውን ስለሚደፍነው ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ እየጻፈ ሳለ ድርግም ይላል፤ ፋይሉም ግማሽ ተጽፎ ይቀራል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ፋይል ለመክፈት ከወትሮው በጣም ሲዘገይ፣ ኮፒ መሃል ላይ ሲቆም፣ ፎልደር ሲጠፋ ወይም ስሙ ሲዘበራረቅ፣ ሲነሣ በየጊዜው «ዲስኩ ይመርመር» ሲል፣ ያልለመድነው ድምፅ ሲሰማ። መዘግየት ብቻውን የዲስክ ሞት ማለት አይደለም። ቫይረስ፣ የሞላ ዲስክ ወይም የራም ማነስም ያዘገያል። ያም ሆኖ ምልክት ካየን ምርመራውን አናስቀድም።

አንደኛ፣ ኮፒ እናድርግ። ከሌላ ቦታ ሊገኝ ከማይችለው እንጀምር፤ የራሳችን ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የተቀዳ ደርስ። ፊልምና ሶፍትዌር ይቆዩ፤ ሌላ ሰው ጋር አይጠፉም። የምንገለብጠው ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ነው፤ እዚያው ዲስክ ላይ ወዳለ ሌላ ክፍል መገልበጥ ጥቅም የለውም። ይህ ሳያልቅ ቼክ ዲስክ፣ ፎርማት፣ ዊንዶውስ እንደገና መጫን አይታሰብም።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ አልነሣ ካለ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭነን ከፍላሹ እናስነሣው። ፋይሎቹ ከታዩ ከዚያ መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ እየተቆራረጠ ካስቸገረ «ዲዲ ሬስኪዩ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል በፍጥነት ይቀዳል፤ ከዚያ ወደ ታመመው ይመለሳል። የት እንደደረሰ በመዝገብ ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል! የሚቀዳበት ዲስክ ግን ከታመመው ያላነሰ መሆን አለበት። የትኛው ዲስክ ምንጭ፣ የትኛው መቀበያ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ሳታረጋግጡ ትእዛዙን አትስጡ፤ ከተገላበጠ ያለውን ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ አሁን እንመርምር። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት «ስማርት» የሚባል መዝገብ ይይዛል። በዊንዶውስ ላይ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይነበባል። ቁጥር 5 ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎችን ይነግረናል፤ 197 ማንበብ ያቃተውንና ገና ያልተወሰነበትን፤ 198 ጨርሶ ያልተነበበውን። በፕሮግራሙ ላይ ሁለቱ «ሲ5» እና «ሲ6» ተብለው ይታያሉ። የእነዚህ ጥሬ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ፣ ይልቁንም ከሳምንት ሳምንት ከጨመረ፣ ዲስኩን መቀየር ነው። ቁጥር 199 ብቻውን ካደገ ግን ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የመሰኪያው ሊሆን ይችላል፤ ነቅሎ አጽድቶ መመለስ ብዙ ብር ያድናል።

«ጤነኛ» የሚል ጽሑፍ ግን ዋስትና አይደለም። የጎግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋነኞቹ የስማርት ምልክቶች ምንም ሳያሳዩ እንደሞቱ አገኙ። በሌላ በኩል በፍተሻ አንድ ስህተት የታየበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ካልታየበት 39 እጥፍ ነበር። ማስጠንቀቂያ ከመጣ እንፍጠን፤ ካልመጣም አንዘናጋ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው አጥፉት። ክዳኑን አትክፈቱ፤ ሳህኑ ላይ የምታርፍ ብናኝ ለሄዱ ተራራ ናት። «ፍሪጅ ውስጥ አስገባው» የሚለውንም ምክር አትስሙ፤ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። በውስጡ ያለው ውድ ከሆነ መረጃ የማዳን ሥራ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት።

አዲስ ለምትገዙ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ለመንገድና ለመናጥ የተሻለ ነው። ግን እሱም ድንገት ይሞታል፤ ከላዩ የጠፋ ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ከጎንደር ወደ መተማ ስትወርዱም ሆነ ስትመለሱ ላፕቶፑን ክዳኑን ብቻ አትዝጉ፤ ፈጽሞ አጥፉት። ሳይተኛ ቀርቶ ቦርሳ ውስጥ ሲሠራ ሊቆይ ይችላል።

የሌላ ሰው ላፕቶፕ ስንጠግንም በውስጡ ያለው ሁሉ አማና ነው። የተፈቀደልንን ብቻ እንገልብጥ፤ ሥራው ሲያልቅ እኛ ዘንድ የቀረውን እናጥፋ።

ቁርአን ቤት ያደግን ሁሉ እናስታውሳለን። ሉሑ የሚታጠበው በላዩ ያለው በቃል ከተያዘና ኡስታዙ ከሰሙ በኋላ ነው። ሳይሐፍዝ ሉሑን ያጠበ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን! እኛ ግን ትልቅ ሆነን፣ ኢንጂነሪንግ ተምረን፣ የሸይኹን ደርስ ሳንይዘው አጠብነው። ያ ወንድማችን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ ይህ ነው ይበልጥ የከበደን።

ስለዚህ ዛሬ፣ ላፕቶፓችሁ ደህና ሳለ፣ የማይተካውን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ከእናንተ ጋር፣ ሌላው ቤተሰብ ወይም የምታምኑት ጓደኛ ዘንድ ይሁን። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።