ብረት ያልገባበት ቦታ፦ ካንሰርን በናኖ ቅንጣት መለየት

ናኖ ቅንጣት መጠኑ በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆነ እጅግ ደቃቅ አካል ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ሲሆን፣ የአንድ ቀይ የደም ሴል ስፋት ወደ 7,000 ናኖሜትር ይደርሳል። በሕክምና ምስል ካንሰርን ለመለየት ለብዙ ዓመታት ከተጠኑት ቅንጣቶች ግንባር ቀደሞቹ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ናቸው። ውስጣቸው የብረት ኦክሳይድ ክሪስታል ነው፤ ላያቸው ዴክስትራን በሚባል የስኳር ዓይነት ይሸፈናል። ሽፋኑ በደም ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይጓጉሉ ይከላከላል።

ኤምአርአይ ምስል የሚሠራው በሰውነት ውስጥ ካለው ውሃ ከሚያገኘው ምልክት ነው። ብረት የያዘው ቅንጣት በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚያዛባ የውሃው ምልክት ቶሎ ይደክማል፤ ቦታውም በምስሉ ላይ ይጠቁራል።

እነዚህ ቅንጣቶች ካንሰርን ፈልገው አያገኙም። በደም ሥር ከተሰጡ በኋላ የሚሰበስቧቸው ማክሮፌጅ የሚባሉት፣ ባዕድ ነገርን የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ጤነኛ ጉበት እነዚህ ሴሎች በብዛት ስላሉት ብረቱን ወስዶ ይጠቁራል። ወደ ጉበት የተዛመተ ዕጢ ግን ስለሌሉት እንደነጣ ይቀራል። በሽታው የሚታወቀው ብረቱ ባልገባበት ቦታ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራው ፌሩሞክሳይድ የተባለው መድኃኒት ለጉበት ምርመራ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ዘዴው ጥቅሙን በጉልህ ያሳየው ማክሮፌጅ በሚገኙባቸው ትንንሽ የመከላከያ ሥርዓት አካላት፣ በሊምፍ ኖዶች ላይ ነው። ካንሰር ከተነሳበት አካል ሲዛመት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በአቅራቢያው ባሉ ሊምፍ ኖዶች ላይ በመሆኑ፣ የሕክምናው ዓይነት የሚወሰነው በእነርሱ ሁኔታ ነው። በተለመደው ኤምአርአይ ራዲዮሎጂስቱ በዋናነት የሚመዝነው መጠናቸውን ነው፤ ስፋታቸው 10 ሚሊሜትር ያህል ካልደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ተብለው ይታለፋሉ። ነገር ግን ካንሰር በትንሽ ኖድ ውስጥም ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ80 የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ለሕሙማኑ ፌሩሞክስትራን የተባለ፣ ከፌሩሞክሳይድ ያነሰ ቅንጣት ያለው መድኃኒት በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ምስሉ ዳግም ተነስቶ ከቀድሞው ጋር ተነጻጸረ። በቀዶ ሕክምና ወይም ናሙና በሚወሰድበት ባዮፕሲ ከተመረመሩት 334 ኖዶች ካንሰር የተገኘው በ63ቱ ነበር። ከ63ቱ ውስጥ 45ቱ በተለመደው መመዘኛ ቢታዩ ጤነኛ የሚመስሉ ነበሩ። የተለመደው ኤምአርአይ ካንሰር ካለባቸው ኖዶች የለየው 35.4 በመቶውን ሲሆን፣ በቅንጣቶቹ የታገዘው 90.5 በመቶውን ለይቷል።

ይህን ያህል ውጤት ቢገኝም መድኃኒቱ በሰፊው ወደ ገበያ አልገባም። በአውሮፓ የቀረበውን የፈቃድ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2007 አመልካቹ ራሱ መልሶ ወሰደው። ምርምሩ በኋላ እንደገና የቀጠለው በኔዘርላንድ፣ በናይሜኸን ከተማ ነው።

ወደ ዕጢው ራሱ እንዲሄዱ የሚሠሩ ቅንጣቶችም አሉ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሯቸው የሲሊካ ቅንጣቶች ውስጣቸው የሚያበራ ቀለም፣ ላያቸው ከዕጢ ሴሎች ጋር የሚጣበቅ ሞለኪውል ይዘዋል። ከ10 ናኖሜትር በታች እንዲሆኑ የተደረገው ሥራቸውን ሲጨርሱ በኩላሊት በኩል በሽንት እንዲወጡ ነው። በሰው ላይ መሞከር የተጀመረውም ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ሕሙማን ነው።

በብረት ቅንጣቶች የሚሠራው ዘዴ ገደብ አለው። ከጥቂት ሚሊሜትር በታች የሆነ የካንሰር ክምችት ከምስሉ ሊያመልጥ ይችላል፤ ካንሰር ያልሆነ ጠባሳ ወይም ስብም ብረቱን ስለማይወስድ ሊያሳስት ይችላል። አንዳንድ የብረት መድኃኒቶች ከባድ አለርጂ ሊያስነሱ ስለሚችሉ በዝግታና በሐኪም ክትትል ይሰጣሉ። ስለዚህ ምስሉ የሚጠረጠረውን ቦታ ይጠቁማል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይሰጥም፤ ካንሰር መኖሩ የሚረጋገጠው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።