ሞደምና ራውተር በገጠር ቤት

የእህል ዋጋና የአየር ጠባይ መረጃ በኢንተርኔት በሚገኝበት በአሁኑ ጊዜ፣ መስመሩን ወደ ቤት የሚያስገቡትን መሣሪያዎች አሠራር ማወቅ ለገጠሩ ነዋሪም ጠቃሚ ነው።

ሞደም በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ምልክት ኮምፒዩተር ሊያነበው ወደሚችል መልክ ይለውጣል። ሽቦ ባልተዘረጋበት ቀበሌ ሲም ካርድ የሚገባበት መሣሪያ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ማማ ጋር ተገናኝቶ ይህንኑ ተግባር ያከናውናል።

ራውተር ደግሞ በመስኖ ተጠቃሚዎች ዘንድ እንደሚታወቀው የውኃ አባት ነው። ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር የየራሱን ቁጥር ሰጥቶ፣ ከአንዱ ዋና መስመር የመጣውን መረጃ ለጠየቀው ያደርሳል። ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር ግን የሁሉም ድርሻ ያንሳል። በትምህርት ቤት ወይም በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ብዙ ኮምፒዩተሮችን በሽቦ ለማገናኘት ስዊች ያስፈልጋል፤ የተለመደው የመዳብ ሽቦ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ሽቦ አልባው ሞገድ ቆርቆሮንና ወፍራም ግድግዳን አልፎ ለመሄድ ይቸገራል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ራቅ ብሎ ሲደርስ፣ የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ቅርብ ይቀራል። በመሆኑም መሣሪያውን ከብረት ሣጥን አርቆ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ባለ ሲም ካርዱንም ወደ ማማው አቅጣጫ ባለው መስኮት አጠገብ ማድረግ ይበጃል።

የይለፍ ቃሉን ያልቀየረ ቤተሰብ ቦዩን ክፍት ትቶ እንደ ተኛ ገበሬ ነው። በብር የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል በማያውቀው ሰው ሊያልቅበት ስለሚችል፣ መሣሪያው በተተከለበት ዕለት ሊቀይረው ይገባል።