ሰው እንደ ሚዳቋ ሲታደን የሚያጨበጭበው ማን ነው?

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናወጋው ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ነው፤ ዛሬ ግን ስለ አንድ ዓይነት ፊልም ላጫውታችሁ ነው። «ፊልም ደግሞ ምን ምክር ያሻዋል?» እንዳትሉኝ። መጨረሻው ወደየጓዳችን የሚገባ ነገር ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ፊልሙ «ሃርድ ታርጌት» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዋናው ተዋናይ ያ እግሩን እንደ ዱላ የሚወረውረው ዣን ክሎድ ቫን ዳም ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ከሆንግ ኮንግ መጥቶ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፊልሙን የሠራው ጆን ዉ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ገንዘብ የተረፋቸው ሀብታሞች ከፍለው ሰው ያድናሉ። አዎ፣ ሰው! ለሚታደነው ሰው ገንዘብ የታጨቀበት ቀበቶ ያስታጥቁትና «ሩጥ! ወንዙ ጋ ከደረስክ ብሩ ያንተ ነው» ይሉታል። ከዚያ በጠመንጃና በቀስት ይከተሉታል። ጉድ እኮ ነው!

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ኮኔል የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1924 አንድ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። አንድ ስመ ጥር አዳኝ ከመርከብ ወድቆ እየዋኘ አንዲት ደሴት ይደርሳል፤ እዚያ የሚኖረው ጄኔራል አውሬ ማደን ሰልችቶት ሰው ማደን ጀምሯል፤ አዳኙም በተራው ታዳኝ ይሆናል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1932 ፊልም ሲሆን ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ለ«ኪንግ ኮንግ» በተሠራው የጫካ ትዕይንት ላይ ተቀረጸ፤ ተዋናይቷ ፌይ ሬይ ሳትቀር የሁለቱም ፊልሞች ናት። ከዚያ ወዲህ ኪሱ የሳሳ ፊልም ሠሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ይወደዋል። ምን ይፈልጋል? ጫካ፣ ጠመንጃና የሚሮጥ ሰው! ቤተ መንግሥት አይሠራ፣ ሠራዊት አያሰልፍ።

ታዲያ በእነዚህ ፊልሞች የሚታደነው ማን እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በ«ሃርድ ታርጌት» የሚታደኑት ጎዳና ላይ የወደቁ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። በዓመቱ በወጣው «ሰርቫይቪንግ ዘ ጌም» ላይ ራፐሩ አይስ ቲ የሚጫወተውም የጎዳና ተዳዳሪ ሆኖ ነው። ጠያቂ ዘመድ የሌለው ይመረጣል። እንዲያውም በ«ሃርድ ታርጌት» ሰው የሚያቀርበው ደላላ ጆሮውን እስከ መቆረጥ ይቀጣል። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ያቀረበው ሰው አባቷን ፍለጋ የምትመጣ ልጅ ስላለችው ነው! ሰው ማስገደሉ አይደለም ጥፋቱ፤ ጠያቂ ያለውን ሰው ማስገደሉ ነው።

እኔ ያደግሁት የጥኖራ ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት ለእኛ አግዳሚ ወንበር፣ የተጋረደ መስኮትና ድምፁ መንገድ ድረስ የሚሰማ ቴሌቪዥን ማለት ነበር። ብቸናና ሞጣ የሚማሩ ጓደኞቼም የሚያወሩት ያንኑ ነው። ዛሬ ፊልሙ በሚሞሪ ካርድና በስልክ ይዞራል፤ ተመልካቹ ግን ያው ነው። የሚጨበጨበው ለቫን ዳም ብቻ አልነበረም። ጥሩ ተኩስ ሁሉ «አቤት አመታት!» ይባልለታል፤ የወደቀው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሩቅ ሆኖ ሲታይ ሞትም ያምራል መሰለኝ።

ይህ በፊልም ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ሰማይ ላይ ሆኖ ያየው ሰው ነበር። የቤኒቶ ሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ የጣለው ቦምብ በፈረሰኞቻችን መካከል ሲፈነዳ እንደ ጽጌረዳ አበባ መፈንዳቱንና ነገሩም እጅግ እንዳዝናናው ጽፏል። የሚገርመው ደግሞ የጭቃና የጭራሮ ጎጆዎቻችን ሲመቱ ጉልህ ፍንዳታ ባለማሳየታቸው ቅር መሰኘቱ ነው። የጠበቀው የአሜሪካ ፊልም ላይ እንደሚያየው ያለ ፍንዳታ ነበር! ይኸው ሰው በኋላ «ቺኔማ» የተባለ የፊልም መጽሔት አዘጋጅ ሆነ፤ እሱ የበላይ ሆኖ የተሠራውና ከፊሉ እዚሁ አገራችን የተቀረጸው «ሉቺያኖ ሴራ፣ ፒሎታ» የተሰኘ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1938 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል በአባቱ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተጋርቷል። እንግዲህ ገዳይም ተመልካችም አንድ ሰው ሲሆን እንዲህ ነው።

«እሱማ ፋሺስት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

አንድ የሃያ አራት ዓመት ወጣት አውቃለሁ። ስሙንም ቀበሌውንም አልነግራችሁም፤ ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ውስጥ ካለ መንደር ነው በሉት። ዛሬ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ጆንያ ይሸከማል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በድንበር መሬት ጠብ ተገደለ። ገዳዩ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ጨርሶም ወጣ። ያን ጊዜ ልጁም ጢም አውጥቷል። መከራው የጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «እኔ ሰውየውን ረስቼው ነበር። ያልረሱት ሌሎች ናቸው።» ድግስ ቤት ሲገባ ጨዋታ ይቆማል። አጎቱ «ያ ሰውዬ እኮ ወፍሯል አሉ» ይላል፣ እንደ ቀላል ነገር። አንድ ቀን ጠላ ሲቀዳ አንዱ «ለእሱ ቀነስ አድርጊለት፣ ሴትና ልጅ ብዙ አይጠጣም» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ልጁ በማግስቱ የአጎቱን ሽጉጥ ጋቢው ሥር ሸጉጦ ገበያ ወረደ።

ሰውየውን አገኘው። ቀኑን ሙሉ ከኋላው ዋለ። ጨው ሲገዛ አየው፣ ከሰው ጋር ሲስቅ አየው። ወደ ማታ ሰውየው አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ደብተር ሲቆጥር ደረሰ። አራት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ። ለልጁ መሆኑ ነው። «ዘጠኝ ዓመቴ ታወሰኝ» አለኝ። ሽጉጡን ሳያወጣ ተመለሰ፤ ለአጎቱ አስረክቦ ሌሊቱን አውቶቡስ ተሳፈረ። ዛሬ መንደሩ «ሸሸ» ይለዋል። እኔ ግን ከቫን ዳም ይበልጥ ጀግና ነው ባይ ነኝ።

አያችሁልኝ? ይህ ልጅ አዳኝ አልነበረም፤ አዳኝ እንዲሆን የተገፋ ነው። ጨዋታው ያማረው ለሌሎች ነበር፤ ጠላው ፊት ተቀምጠው ለሚስቁት። እነሱ አይታሰሩም፣ እነሱ አይገደሉም። ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠው ተመልካች «አቤት አመታት!» ለማለት ብቻ ነው የሚጠብቁት። በፊልሙ የሚታደነው ዘመድ የሌለው ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ሰው የሚታደነው ዘመድ ስላለው፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወንድም ስለሆነ ነው። ተመልካቹ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ክፉው ይሞትና ስሞች ይወርዳሉ፣ መብራት ይበራል። በእኛ ዘንድ ከዚያ በኋላ ክፍል ሁለት አለ። የሟች ልጅ ያድጋል። ደመላሽ የሚል ስም የምናወጣ ሰዎች ነን እኮ! ስሙን የተሸከመ ሁሉ ገዳይ ይሆናል አላልኩም፤ ሆኖም ሕፃን ገና በአራስ ቤት የሥራ ትእዛዝ የሚቀበልበት ጊዜ እንደነበረ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እውነት ነው። የተወጋው ቢረሳ እንኳ የማያስረሳው ጎረቤት አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አባቶች መላ ሳያበጁ አልቀሩም። ሽማግሌና ካህን መስቀል ይዘው በሁለቱ ወገን መካከል ይመላለሳሉ። ገዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምናል፤ የደም ካሳ ይቆረጣል፤ በመሐላ ይታሰራል። ጎልማሳ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ በቅርብ ያየ ሰው አያጨበጭብም። ያለቅሳል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ይቀጣል እንጂ ሁለት ቤተሰብ አያስታርቅም፤ እርቅም ፍርድ ቤትን አይተካም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ደም ለመመለስ አስቦ አድፍጦ የሚገድል ሰው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ላይ የሚጥለውን ቅጣት ያስብ፤ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ደም ያለብህ ወጣት ከሆንክ፣ መጀመሪያ ለነፍስ አባትህ ወይም ለምታምነው ሽማግሌ ንገር፤ ሲገፉህ ከአካባቢው ዞር ማለት ፍርሃት አይደለም። እናት ከሆንሽ የሟችን ልብስ እያወጣሽ ለልጅሽ አታሳዪ፤ የቀረሽ እሱ ነው። የገደለው ወገን ከሆናችሁ ሌላው እስኪጀምር አትጠብቁ፤ ሽማግሌ የምትልኩት እናንተ ናችሁ፤ እንቢ ቢባል ደግማችሁ፣ ሦስተኛም ላኩ። የዚያ ልጅ ጉዳይ እንኳ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አጎቱ እንቢ ብለዋል፤ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሄዱ ቀጠሮ ይዘዋል።

ድግስ ቤት ተቀምጠህ ወሬውን የምትሰማው ወዳጄ፣ አንተም ነፃ አይደለህም። ያ ቀልድ ሲወረወር አትሳቅ። «ተው፣ ይህ ነገር ነፍስ ያስጠፋል» በል። አንድ ሰው ካልሳቀ ሁለተኛው ያፍራል፤ ተመልካች የሌለው አደን ደግሞ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

የሳምንት ሰው ይበለን!