ጥቁሩ መስኮት ለምን ብልጭ ብሎ ይጠፋል?

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ ፕሮግራሚንግ የሚለማመድ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብርም ብዙ ጀማሪዎችን ወደ ሙያው ጋብዟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚደናገሩት ከባድ ሒሳብ ላይ አይደለም። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ሰላምታ የሚያሳይ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ ሲያደርጉት ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ሥራውን ጨርሶ ነው። ኮንሶል የሚባለውን ያን መስኮት ዊንዶውስ የከፈተው ለፕሮግራሙ ብሎ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሲያበቃ እሱም ይዘጋል። ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለውን የትእዛዝ መስኮት አስቀድሞ ከፍቶ ፕሮግራሙን ከዚያ ማስነሳት፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ ደግሞ ኮንትሮልና ኤፍ 5ን አንድ ላይ መጫን መስኮቱን ያቆየዋል።

ታዲያ የተለየ መስኮት ለምን አስፈለገ? ለምሳሌ ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ግርጌ ያለው የውጤት ሰሌዳ ለንባብ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ “ስምህ ማን ነው?” ብሎ ቢጠይቅ እዚያ መልስ መጻፍ አይቻልም፤ ጥያቄው እንደተገተረ ይቀራል። ኮንሶል ግን ያሳያልም፣ ይቀበላልም።

ይህ ጠባዩ ከቴሌፕሪንተር የወረሰው ነው። ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ፈጣሪዎች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት ቴሌታይፕ በተባለ፣ ወረቀት ላይ በሚያትም ቴሌፕሪንተር ነበር። ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ቴሌፕሪንተርን አማርኛ አጽፈውታል።

የሚያስገርመው የልጅ ልጁ፣ ኮንሶሉ፣ አማርኛ አለመቻሉ ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ኮንሶሉ ግን ለዓመታት ባዕድ ሆኖ ቆየ። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የድሮው ኮንሶል እያንዳንዱን ባይት ራሱን እንደቻለ ፊደል ስለሚያነበው፣ ሦስት ፊደል ያለው “ሰላም” ዘጠኝ እንግዳ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ባይቶች እንዴት እንደሚነበቡ የሚወስነውን ኮድ ፔጅ ወደ 65001፣ ማለትም ወደ ዩቲኤፍ-8፣ መቀየር ንባቡን ያስተካክላል፤ በዚህን ጊዜ ደግሞ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ኮንሶሉ የሚጠቀምበት ፎንት፣ ለምሳሌ ኮንሶላስ፣ የግዕዝ ፊደል የለውም። በ2020 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሙሉ ዕትሙ የወጣው ዊንዶውስ ተርሚናል የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት ፈልጎ ስለሚያመጣ ሳጥኖቹን አስቀርቷል። የቀረው የስፋት ጣጣ ነው፦ ኮንሶል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይሰፍራል፤ ለ“ቀ” የበቃው ቦታ ለ“ጨ” እና ለ“ጪ” ይጠባል።